ከጉባኤው ደጅ

የጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ዐባይ በረሃ አፋፍ በሚወስደው መንገድ ላይ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በላስቲክ ጥላ ተጠልለው ራፖር በሚጽፉ ሽማግሌና ደብረ ማርቆስ ላይ የፖለቲካ ፍልስፍና በምታስተምር የእኅታቸው ልጅ መካከል የተደረገ ምልልስ ነው። ሽማግሌው በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበሩ። ይህን መያዝ ለኋላው ነገር ይጠቅማል።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ በሚመጣው ሳምንት ለተማሪዎቼ ስለ ሪፐብሊክ አስተምራለሁ። ሁልጊዜ ከአቴናና ከሮም እጀምራለሁ፤ እነሱም ሁልጊዜ ያዛጋሉ። ዘንድሮ ከዚሁ ከጎጃም ልጀምር አልኩ።

ሽማግሌው፦ ከጎጃም? ኧረ ተይኝ! ጎጃም የንጉሥ አገር እንጂ መቼ የሪፐብሊክ ሆኖ ያውቃል? ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከዚያ ራስ ኃይሉ፣ ከዚያ ከሸዋ የሚላክ እንደራሴ።

መምህርቷ፦ ያ ከላይ ነው። እኔ የምለው ከታች፣ ደብሩ ላይ ያለውን ነው። አላን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ርስትን አጥንቷል። ከዋና አባት የተወለደ ሁሉ፣ በአባቱም ይቁጠር በእናቱ፣ ርስት ይገባኛል ብሎ መነሣት ይችል ነበር። መኳንንቱም ደሃውም ቆጥረው ቆጥረው አንድ አባት ላይ ይገናኙ ነበር። የመሬቱ ድልድልም በዕጣ ነበር። አቴናውያንም ለምክር ቤታቸው 500 ሰው የሚያወጡት በዕጣ ነበር።

ሽማግሌው፦ እሱስ ልክ ነው። ጎጃሜ ከሰው ሁሉ ሙግት የሚወደው ለምን ይመስልሻል? ሰባት ስምንት ትውልድ በቃሉ የማይቆጥር ሰው መሬቱን ይቀማ ነበራ። አያቴ ፊደል አያውቁም፤ የሐረጉን ነገር ግን ዳኛ ፊት ሲያወርዱት ደብተራው ሁሉ አፉን ይከፍት ነበር። ይኸው እኔም እስከ ዛሬ እንጀራ የምበላው በዚያ አመል ነው።

መምህርቷ፦ ጭቃ ሹሙስ?

ሽማግሌው፦ ጭቃ ሹም በተራ ነበር። በየደብሩ ወጉ ይለያይ እንደሆነ እንጂ በብዙው ቦታ ከባለርስቶቹ መካከል በየዓመቱ ይዞር ነበር። ዘንድሮ ግብር የሚሰበስበው ለከርሞ ይሰበሰብበታል። ስለዚህ በጎረቤቱ ላይ አይጨክንም ነበር፤ ተራው ሲደርስ ብድሩ እንደሚመለስ ያውቃል።

መምህርቷ፦ አርስቶትል ዜጋ ማን ነው ሲል፣ በተራው ገዥ፣ በተራው ተገዥ የሚሆን ነው ይላል። የእርስዎን ጭቃ ሹም ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ሽማግሌው፦ የ1960ውንስ አትነግሪያቸውም?

መምህርቷ፦ ዋናው ነገሬ እሱ ነው እንጂ። ግን እርስዎ ደርሰውበታል፤ ከመጽሐፍ ከምናገር ከእርስዎ ልስማው።

ሽማግሌው፦ ያኔ ከብት ጠባቂ ልጅ ነበርኩ። ቢቸና ያሉ ዘመዶቻችን ወደዚህ ሸሽተው መጥተው ነበር። ነገሩ የተጀመረው በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዐዋጅ ነው። ገማቾች መጡ፤ ይኼ ማሳ ይህን ያህል ኩንታል ይሰጣል፣ አንተ ይህን ያህል ትከፍላለህ ሊሉ። ሞጣና ቢቸና አናስገባም፣ አናስገምትም አሉ። አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ናቸው፤ ቀድሞም በመሣሪያ ምዝገባው ሰዉን አስመርረውት ነበር። ጦር ዘመተ፤ ይባስ ብሎ አውሮፕላን መጣ። ዘመዶቻችን ያወሩን የነበረው ይህንኑ ነው፤ ከሰማይ ቦንብ ሲወርድ። ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ጃንሆይ አገረ ገዥውን አነሡ፤ ግብሩም ጎጃም ላይ እንደ ታሰበው ሳይሆን ቀረ።

መምህርቷ፦ ገበሬው የተቆጣው በብሩ መጠን ነው?

ሽማግሌው፦ ብሩማ ምን አላት? ግብር ከጥንት ጀምሮ ይከፈላል። ያስፈራው ልኬቱ ነው። መሬትህ በገመድ ከተለካ ርስትህ የመንግሥት ቁጥር ሆነ፤ ነገ ቁጥሩን የያዘው ሰው የፈለገውን ያደርግሃል። ገማቹ ክፉ ሰው ይሁን ደግ ሰው ማን ያውቃል? ደግ ቢሆንስ፣ በሚመጣው ዓመት የሚመጣው ማን ነው?

መምህርቷ፦ ይኸን አሁን ያሉትን አንድ አየርላንዳዊ ፈላስፋ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ ፊሊፕ ፔቲት ይባላል። ነፃነት ማለት ማንም አይንካኝ ማለት ብቻ አይደለም ይላል። ባሪያ ደግ ጌታ ሊደርሰው ይችላል፤ የማይመታው፣ የማይቆጣው፣ ወደ ፈለገበት የሚሰደው። ያ ባሪያ ግን ነፃ አይደለም፤ ጌታው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚከለክለው የለምና። ነፃ የሚባለው ሌላው ሰው እንዳሻው ሊያደርገው የማይችል ሰው ነው። መለኪያው ደግሞ ቀላል ነው፦ ሳትፈራና ሳትለማመጥ የሰውን ዓይን ቀና ብለህ ማየት ትችላለህ ወይ?

ሽማግሌው፦ መቼ ነው የጻፈው?

መምህርቷ፦ በፈረንጆቹ 1997። በእኛ 1989።

ሽማግሌው፦ ወይ 1989! እሱ መጽሐፍ ሲጽፍ እኔ መዝገብ ላይ እየተጻፍኩ ነበር።

መምህርቷ፦ አውቃለሁ ጋሼ። ግን ከእርስዎ አፍ ሰምቼው አላውቅም። እናቴም አታወራውም።

ሽማግሌው፦ እናትሽ የማታወራበት ምክንያት አላት። ክልሉ የመሬት ሽግሽግ ዐወጀ። ስብሰባ ተጠራ፤ ዋርካው ሥር ነው። ሰው ሁሉ ተመደበ፤ በንጉሡ ጊዜ ሹመት የነበረው «ፊውዳል»፣ በደርግ ጊዜ የሠራ «ቢሮክራሲ»፣ የቀረው «ጭቁን»። እኔ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ምን ሹመት ነው እሱ? ደብተር መያዝ፣ የመዋጮ ሒሳብ መጻፍ። ስሜ ተጠራ። ቢሮክራሲዎች ከስብሰባው ውጡ ተባልን። ወጣን። አጥሩን ተሻግረን፣ ጤፍ ማሳው ዳር ተቀመጥን። ከዚያ ሆነን እጅ ሲወጣ እናያለን፤ ስለምን እንደወጣ አንሰማም። ድምፁ አይደርስማ። አንዴ እጆቹ ሲበዙ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «አሁን የማን መሬት ነው?» አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። ማታ ኮሚቴው ነገረን፤ የኔ ነበር።

መምህርቷ፦ ስንት ቀረልዎ?

ሽማግሌው፦ ዐሥራ አንድ ጥማድ ነበረኝ። ቢሮክራሲ ከአራት ጥማድ በላይ አይያዝም፤ ሌላው ግን እስከ ዐሥራ ሁለት ይፈቀድለታል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ ነው፤ አምስት ልጅ ይዘሽ አስቢው። ደርግ እንኳ በ1967 ባላባቱን ሲወርስ ጣሪያው ዐሥር ሄክታር ነበር፤ ለባላባቱም ለጭሰኛውም እኩል የሚሠራ ጣሪያ። ከጎጃም ብዙ ሰው አቤት ሊል አዲስ አበባ ድረስ ሄደ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለኛ ብለው ሰልፍ ወጥተው ታስረዋል። ለእነሱ እስከ ዛሬ ምስጋና አለኝ።

መምህርቷ፦ እጃቸውን ያወጡትስ?

ሽማግሌው፦ እነሱን አልወቅስም። ጎረቤቶቼ ናቸው፤ አብረን ማኅበር ጠጥተናል። መሬት የሌለው ጎልማሳ እጅህን አውጣ ሲባል ምን ያድርግ? አንቺ ግን ፈላስፋ ነሽና ንገሪኝ። ብዙኃኑ ወስኗል። ዴሞክራሲ ከሆነ ዴሞክራሲ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?

መምህርቷ፦ ሶቅራጥስን ያውቁታል። አምስት መቶ የሚሆኑ ዳኞች ፊት ቀረበ፤ አብዛኞቹ በሞት ቀጡት። ግፍ ነው። ግን ሳይፈረድበት በፊት ቆሞ ተናግሯል፤ እንዲያውም አናድዷቸዋል።

ሽማግሌው፦ እኔ ከሶቅራጥስ ያነስኩት በሱ ነው በያ! መርዙ ይቅርብኝና ላናድዳቸው እንኳ ዕድሉ አልተሰጠኝም።

መምህርቷ፦ አዎ፤ የጎደለው እሱ ነው። ዴሞክራሲ ስንል ማን ይወስን ብለን እንጠይቃለን፤ መልሱ ሕዝብ ይወስን ነው። ሪፐብሊክ የሚለው ሐሳብ ሌላ ጥያቄ ይጨምርበታል፤ የሚወሰንበት ሰው በውሳኔው ፊት ምን ያህል መቆም ይችላል? ውሳኔውን የሰጠው አንድ ንጉሥ ይሁን አንድ ዋርካ ሙሉ ሰው፣ መልስ የማይሰጥበትን ሰው ጌታ ሆኖበታል።

ሽማግሌው፦ ተባረኪ። ይኸንን አስተምሪያቸው።

መምህርቷ፦ አላበቃሁም ጋሼ። ያ ሽግሽግ እናቴ በስሟ መሬት ያገኘችበትም ነው። ፈትታ ተመልሳ እርስዎ ቤት ነበረች። ያኔ ለሴቶች በራሳቸው ስም ሲሰጥ እሷም ደረሳት።

ሽማግሌው፦ አውቃለሁ እንጂ። ያረስኩላት እኔ አይደለሁም?

መምህርቷ፦ ከዚያ በፊትስ ርስት አልነበራትም? ርስት በእናትም በአባትም ይቆጠራል ስል ልክ ነው ብለውኝ አልነበር? የዋና አባቱ ልጅ እርስዎ ብቻ ነዎት?

ሽማግሌው፦ ነበራት እንጂ፤ ድርሻዋ አለ። እኔ ዘንድ ተደርቦ ነው የቆየው። ደርግም ሲመጣ በኔ ስም ተመዘገበ። ያኔ በቤተሰብ አባወራ ነው የሚመዘገበው። እህል አልከለከልኳትም፤ ጠይቂያት።

መምህርቷ፦ ጠይቄያታለሁ። ወንድሜ ደግ ነበር ትላለች። በዓል ሲመጣ ጤፍ ያስጭንልኝ ነበር ትላለች።

ሽማግሌው፦ እንግዲህ!

መምህርቷ፦ ደግ ጌታ ስለነበረው ሰው አሁን ምን ተባባልን?

ሽማግሌው፦ (ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ።) አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ከባሪያ ጋር ልታስተካክያት ነው?

መምህርቷ፦ አይደለም። እርስዎ ስለ ገማቹ ያሉትን ነው የምለው፤ ደግ ቢሆንስ፣ ለከርሞስ? ጤፉ ይመጣ ነበር፤ ባይመጣ ግን የምትሄድበት አልነበራትም። ማሳው ዳር ተቀምጠው አንድ ቀን የተሰማዎት ነገር እሷ ስንት ዓመት ኖረችበት። ለዚህ ነው 1989ን የማታወራው። ደስ እንዳላት ብትናገር እርስዎን ታስቀይማለች፤ አዘንኩ ብትል ደግሞ ውሸት ይሆንባታል።

ሽማግሌው፦ እሺ፤ ጥፊው ደርሶኛል። ግን ዕዳው የኔ ብቻ አይደለም፤ ወጉ እንደዚያ ነበር። የባለርስት ሪፐብሊክ የምትዪው እኮ ሙሉ ለሙሉ እንዲህ ነበር። ስለ ጠይቦቹስ ለምን አትጠይቂኝም? ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው። ማረሻህን ያበጃል፣ ድስትህን ይሠራል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ግን ጉባኤ አይቀርብም፣ ልጅ አይሰጠውም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን አትስደቡ ብለው ዐዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ቀረ ወይ? አልቀረም። በዐዋጅ የማይቀር ነገር አለ።

መምህርቷ፦ በዐዋጅ የቀረም አለ። የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ሊያርስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ጾታ ሳይለይ፣ መሬት ያገኛል ይላል። ዘር አቆጣጠር የለም፤ ዋና አባት የለም። ጎጃም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙስሊሙ ርስተኛ ሳይሆን መሬት ያዥ ሆነ።

ሽማግሌው፦ ሙስሊሞቹንማ ይኸችው የጁቤ ታውቃቸዋለች። በድሮ ጊዜ የባሶ ገበያ የጎጃም ትልቁ ገበያ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህርቷ፦ እውነት ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡት መንገደኞች ጽፈውታል። ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ከዐባይ ማዶ እዚህ ይመጣል፤ አሞሌ ጨው ወደዚያ ይሻገራል። ባሪያም ይሸጥ ነበር። ከነጋዴዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገበያው ያለነሱ አይቆምም ነበር፤ ርስት ግን አልነበራቸውም። ገበያ ላይ ሲፈለጉ ጉባኤ ላይ አይጠሩም ነበር። የአቴናም ነገር ይኸው ነበር፤ ወደቡን ያቆሙት መጻተኞች ድምፅ አልነበራቸውም።

ሽማግሌው፦ በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠል፣ የሙስሊሞቹ ሱቅ ሲዘረፍ፣ እኔ ያሰብኩት ይኸንን ነው። ስንት ዘመን አብሮ የኖረ ሕዝብ። ኋላ ክርስቲያኑም ለማሠሪያው አዋጥቷል፤ መልካም ነው። ግን መዋጮ ደግነት ነው፤ አንቺ እንዳልሽው።

መምህርቷ፦ እኔ ያልኩትን መልሰው ለኔ!

ሽማግሌው፦ ገባኛ። ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ሳይሆን፣ እንዳይቃጠል የሚያደርግ ነገር ነው የሚፈለገው። የሙስሊሙ ሽማግሌ ከተማው ሲመክር ከመጀመሪያው አብሮ ይቀመጣል ወይስ ነገር ሲበላሽ ለእርቅ ይጠራል? ልዩነቱ እሱ ነው።

መምህርቷ፦ ይኸን ያህል ከተስማማን አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር ልንገርዎ። በ1989 ስብሰባው ላይ ተናገር ቢባሉ ምን ይሉ ነበር?

ሽማግሌው፦ አሳምናቸው ነበራ! ከዚያ ሁሉ ሰው መናገር የሚችል ማን ነበር? እኔና ሁለት ቄሶች። የዐዋጁን ቃል እጠቅስ ነበር፤ የቀድሞ ክፍፍሉን እየጠራሁ እሟገት ነበር። ግማሾቹ እጃቸውን አያወጡም ነበር።

መምህርቷ፦ እኮ! እናቴም መሬት አታገኝም ነበር። ሁሉም ይናገር ሲባል ምላስ ያለው ያሸንፋል፤ ምላስ ያለው ደግሞ መሬት የነበረው ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዱ የፊታውራሪ መሸሻን ገበሬዎች ሲያሳምፅ የሚናገረው ማን ነው? አበጀ በለው ነው፤ ሴቶቹ ምን እንዳሉ የሚያስታውስ አንባቢ አላገኘሁም። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው፤ ሞጣና ቢቸና የተነሡት ከሁለት ዓመት በኋላ። ጎጃሜው የእርዳታ አይደለም፣ የመብት ጥያቄ ይጠይቃል ብሎ ቀድሞ አይቶታል፤ ያቺን ሸክላ ሠሪ ግን ከጉባኤው መሐል ለማስቀመጥ እሱም አልደፈረም።

ሽማግሌው፦ ታዲያ ማባረራቸው ልክ ነበር ልትዪኝ ነው?

መምህርቷ፦ አይደለም። ምላሰኛውን ማስወጣት ዝምተኛውን ተናጋሪ አያደርገውም። እርስዎን ካስወጡ በኋላ እናቴ ተናገረች? አልተናገረችም፤ እጅ ነው ያወጣችው። ምን ላይ እጅ እንደምታወጣ የነገሯት ደግሞ ካድሬዎቹ ናቸው።

ሽማግሌው፦ የኔን መሬት ላይ እጇን አውጥታ ይሆን?

መምህርቷ፦ አልጠየቅኳትም፤ እርስዎም አይጠይቋት።

ሽማግሌው፦ ...እሺ። እኔ በበኩሌ ከጉባኤ ይልቅ በደብተሩ አምናለሁ። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲመጣ፣ መጀመሪያ የተሞከረው እዚሁ አጠገባችን ጎዛምን፣ አዲስና ጉሊት ላይ ነበር፤ ሌላው ደሴ ዙሪያ ነው። ወሰንተኞች ማሳው ላይ ቆመው እየተስማሙ ይመዘገባል፤ የባልና የሚስት ስም ይሰፍራል፣ የሁለቱም ፎቶ ይለጠፋል። ብዙ ገበሬ ሚስቱን ፎቶ ቤት ሲወስድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ሚስቱን ደብቆ መሬት የሚያከራይ ሰው እኔ ጋ ሲመጣ ውል አልጽፍለትም፤ ደብተሩን አምጣ እለዋለሁ። ምላስ የሌላት ሴት በፎቶዋ ትከራከራለች።

መምህርቷ፦ ደብተሩ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ደብተሩን የሚያስከብረው ምንድን ነው? የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር በ2000 ምርጫ እስከ 300 ከፍ አለ። ያን ያህል ተወካይ እያለ ከመካከላቸው ተነሥቶ ይኼ ውሳኔ ልክ አይደለም የሚል ስንት ነበር?

ሽማግሌው፦ ሦስት መቶ ሰው ተቀምጦ የተጻፈለትን ያጸድቃል። ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ብሆን ደስ ባለኝ።

(ይህን ሲሉ አንዲት ገበሬ ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። ከተማው እየሰፋ መሬቷ ላይ ደርሷል። የካሳው ዝርዝር ላይ ስሟ የለም፤ የተመከረበትን ስብሰባ ማንም አልነገራትም። ሽማግሌው ነጭ ወረቀት አወጡ።)

ሽማግሌው፦ እንግዲህ ፍልስፍናሽን እዚህ ላይ አውጪው። ምን ብዬ ልጻፍላት?

መምህርቷ፦ ከስብሰባው ይጀምሩ። «እኔ ባልተጠራሁበትና ባልተሰማሁበት ጉባኤ የተወሰነ ስለሆነ» ብለው። ውሳኔውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ በምን ሕግ እንደሆነ፣ በጽሑፍ ይገለጽልኝ ይበሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርሶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይነቀል ይጠብቀዋል፤ እሱን ይጥቀሱ።

ሽማግሌው፦ ዳኛው ካሳ ስንት ትጠይቃለች ነው የሚለው። ያልተጠራሁ፣ ያልተሰማሁ የሚለውን አንብቦ ያልፈዋል።

መምህርቷ፦ ይለፈው፤ ግን መዝገብ ላይ ይኑር። እርስዎ በ1989 ያልጻፉት እሱን አይደል?

ሽማግሌው፦ እኔ ያኔ ስለ ጥማዱ ብቻ ነበር የጻፍኩት። (ለሴትዮዋ) እታለም፣ ሰማሽ አይደል? በመጀመሪያ ስብሰባውን እንጽፋለን፤ ከዚያ ካሳውን።

ሴትዮዋ፦ አባባ፣ እናንተ እንደ ወደዳችሁ። ስብሰባውንም ጻፉት። ግን ካሳው ከላይ ይሁን፤ ዳኛው ሳይሰለቸው እንዲያየው።